የተላጠ የእንጨት ዳሽቦርድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከጎጃም የደረሱን አራት ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፤ ሁሉም ስለ አሮጌ የስፖርት መኪና የእንጨት ዳሽቦርድ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጠያቂ ያነሡት ነገር ሰፊ በመሆኑ የዓምዱን አብዛኛውን ቦታ ለእርሳቸው ሰጥተን፣ የቀሩትን አጠር አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ አባቴ በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ላይ አዲስ አበባ የገዛው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ትራያምፍ ቲአር6 መኪና አለኝ። ሞተሩንና ላሜራውን ቀስ በቀስ አሳድሼ አሁን ደህና ይሄዳል። የዳሽቦርዱ ቫርኒሽ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይላጣል፤ በፊት መስታወቱ በኩል ያለው ጠርዝ ነጥቷል፤ ከዘይት ግፊት መለኪያው ሥር ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ በስተቀኝ ጥግም እንጨቱ በጥፍር የሚነሣ ያህል ተላቋል። አንድ አናጺ በማሽን ፍቆ በአንድ ቀን እንደሚጨርስልኝ ነገረኝ። አንድ የመኪና ቀለም ረጪ ደግሞ እንጨቱን አውጥቼ ጥዬ እንጨት በሚመስል ላስቲክ እንዳስለብሰው መከረኝ። የማንን ምክር ልስማ?
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ሁለቱም በየሙያቸው የተካኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን የሁለቱንም ምክር ባይቀበሉ ይሻላል። ቲአር6 እ.ኤ.አ. ከ1968 መጨረሻ እስከ 1976 ድረስ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የተመረተ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ሲሆን፣ ዳሽቦርዱ ከፊት ሲያዩት አንድ ወጥ የዋልነት ሳንቃ ይምሰል እንጂ በእውነቱ በፕላይዉድ ላይ የተለጠፈ ስስ የዋልነት ልባስ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ልባስ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የሚሽከረከር ወይም የሚንቀጠቀጥ መፈቅፈቂያ ማሽን ይህን ውፍረት፣ በተለይ በጠርዞችና በመለኪያዎቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ አልፎ ሥሩ ያለውን ነጭ ፕላይዉድ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባ ቀለምም ሆነ ቫርኒሽ ያንን አይደብቀውም። እንጨቱን መጣሉ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም እርስዎ ከዘረዘሯቸው ጉዳቶች አብዛኞቹ የቫርኒሹ እንጂ የእንጨቱ አይደሉም።

ቫርኒሹን ለዚህ ያበቃው በዋናነት ፀሐይ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጣሪያው ሸራ የሆነና ብዙ ጊዜ ተገልጦ የሚነዳ መኪና ጨረሩን በቀጥታ ይቀበላል። በዚህ ላይ ሌሊቱ የጮቄ ተራራ ብርድ፣ ቀኑ የጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረዱ እንደሆነም በአንድ ጉዞ ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባሉ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በስፋቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ዕድሜው ገፍቶ የደረቀ ቫርኒሽ ግን ይህን እንቅስቃሴ መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል። መኪናዎን ልብ ብለው ቢመለከቱት ስንጥቁ የጀመረው ከመለኪያዎቹና ከብሎኖቹ ቀዳዳዎች ሳይሆን አይቀርም፤ እርጥበት የሚገባው በእነርሱ በኩል ነውና።

ሥራው የሚጀምረው ባትሪውን በመፍታት ነው። ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ከጀርባ በኩል በስልክዎ ደጋግመው ፎቶ ያንሡ፤ በእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍም ላይ የወረቀት ፕላስተር ጠምጥመው የየትኛው መለኪያ እንደሆነ ይጻፉበት። በዘመኑ የእንግሊዝ መኪኖች ጥቁር ሽቦ የአርዝ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ)፣ ቡናማ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ነጭ ቁልፍ ሲዞር የሚነሣ፣ አረንጓዴ ደግሞ ያው መስመር በፊውዝ ካለፈ በኋላ ያለው ነው፤ ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ብዙ እጅ የነካው መኪና በመሆኑ ቀለሙን ብቻ አይመኑ። እያንዳንዱ መለኪያ ከጀርባው በቆርቆሮ ማቀፊያና በእጅ በሚፈቱ ትንንሽ ዳዶዎች የተያዘ ነው። የፍጥነትና የሞተር ዙር መለኪያዎቹ የሚሽከረከር ካቦ ስላላቸው እርሱን አስቀድመው ይፍቱ። የዘይት ግፊት መለኪያው ግን በኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ከሞተሩ ዘይቱን ራሱን የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ አለው። ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ጊዜ፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፈው ይፍቱት።

መለኪያዎቹ ሲወጡ ከቀለበቶቻቸው ሥር ጠቆር ያለ የእንጨት ክብ ያገኛሉ። ዋልነት ከብዙ እንጨቶች በተለየ ብርሃን ሲመታው ይነጣል እንጂ አይጠቁርም፤ ቀለበቱ ሥር የቀረው ቀጭን ክብ ብርሃን ያልደረሰበት፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም ነው። ያንን ክብ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ኋላ ቀለም ሲመርጡ ዳኛዎ እርሱ ነው፤ ማንኛውም የቀለም ካታሎግ አይተካውም።

አሮጌውን ቫርኒሽ ለማንሣት ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በማይታይ ቦታ ላይ አልኮል በነካ ጥጥ ያሹት፤ ከለሰለሰ ሼላክ የተባለው፣ ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ ቫርኒሽ ነው። አልኮል ካልነካውና የቀለም ቲነር ካሟሟው ናይትሮሴሉሎስ የተባለው፣ ቶሎ የሚደርቅ ቫርኒሽ ነው። ሁለቱም ካልበገሩት ደግሞ ከፖሊስተር ወይም ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ጠንካራ ሽፋን ነውና የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ በረንዳ ላይ ወይም በግቢ ውስጥ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ጓንት አድርገው ይሥሩት። ኬሚካሉን ቀብተው ይጠብቁ፤ ሽፋኑ ሲያብጥ ማዕዘኖቹ በሞረድ የዶለዶሙ ጠፍጣፋ መፋቂያ ወስደው በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ብቻ በቀስታ ይግፉት። አንዴ አልነሣ ካለ ደግመው ይቀቡ እንጂ ክንድዎን አያበርቱበት። ለሳሙና ሥራ በየገበያው የሚሸጠውን ኮስቲክ ሶዳ የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ ቫርኒሹን እንደሚያነሣ አይካድም፤ ነገር ግን ዋልነቱን ያጠቁረዋል፣ የልባሱንም ማጣበቂያ ያላቅቃል። የሞቀ አየር የሚተፋውን መሣሪያም በዚህ ሥራ ላይ አልወደውም፤ ምክንያቱ ያው ማጣበቂያው ነው።

የብርጭቆ ወረቀት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም በትንሹ። ባለ 240ውን (ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይለሰልሳል) በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠምጥመው፣ በጅማቱ አቅጣጫ፣ የእጅዎን ክብደት ብቻ አሳርፈው ይሂዱበት፤ በባለ 320 ይጨርሱ። መብራት ከጎን አስቀምጠው ቢሠሩ የቀረው ቫርኒሽ እያንጸባረቀ ይታይዎታል። ጠርዞቹን አይፈግፍጉ፤ ማለስለስ ካስፈለጋቸው በጣትዎ የያዙት ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ካለፈባቸው ይበቃቸዋል።

ጥቁሩን ነጠብጣብ በተመለከተ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ቲነር የነካ ጥጥ ሲያሹበት ጥጡ ቅባት ይዞ ከወጣ ከመለኪያው ቱቦ የተንጠባጠበ ዘይት ነው፤ ጥጡን እየለወጡ ደጋግመው በማሸት ይመጥጡት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቫርኒሽ ቢቀቡበት አይይዝም። ጥጡ ንጹሕ ከወጣ ግን ውኃና የብሎን ብረት ከእንጨቱ ታኒን (በእንጨት ውስጥ ካለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር) ጋር ተገናኝተው የፈጠሩት ጥቁረት ነው፤ እርሱን የሚያጠፋው በሞቀ ውኃ የሟሟ ኦክሳሊክ አሲድ ነው። በብሩሽ ቀብተው ሲደርቅ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ያጽዱት። ይህ አሲድ መርዝ ነው፤ ከሕፃናት ያርቁት፤ የደረቀውን ብናኝም በብርጭቆ ወረቀት አያቡንኑት። ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን መላውን ሳንቃ ቢቀቡት ይመረጣል፤ አለዚያ በነጠብጣቡ ቦታ ነጭ ክብ ይተካል።

ለተላቀቀው ጥግ የተለመደውን ነጭ የአናጺ ኮላ አይጠቀሙ፤ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚሠራ ኢፖክሲ በስሪንጅ ወደ ውስጥ ከትተው፣ ከላዩ ላስቲክና ጠፍጣፋ እንጨት አድርገው፣ በሞርሳ አጥብቀው ያሳድሩት። የተረፈውን ሳይደርቅ በአልኮል ይጥረጉት፤ ኢፖክሲ የነካው እንጨት ቀለም አይቀበልም።

ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ሳንቃውን በአልኮል አርጥበው ይመልከቱት፤ ከቫርኒሽ በኋላ የሚኖረውን መልክ ያህል ያሳይዎታል። ብዙ ጊዜ ያ ብቻውን ይበቃል። ካልበቃ በቀጠነ የእንጨት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡ እንጂ በአንድ ጊዜ አያጥቁሩት፤ የዳሽቦርዱን ኪስ ክዳንም አብረው፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ቆርቆሮ ይቀቡ።

ወደ ቫርኒሽ ምርጫ ስንመጣ አስተያየቴን በግልጽ እነግርዎታለሁ። ሼላክ ከሁሉ የሚያምር ቢሆንም ሙቀት ያለሰልሰዋልና ዓባይ በረሃ ለሚወርድ መኪና አይሆንም። ናይትሮሴሉሎስ ለመጠገን ይመቻል፤ ዳሩ ግን ከዓመታት በኋላ አሁን ያዩትን ስንጥቅ መልሶ ያመጣል። ለመኪና አካል የሚረጨው ባለ ማጠንከሪያ ክሊር (ቀለም አልባ ሽፋን) እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ማጠንከሪያው አይሶሳይኔት የተባለ መርዛማ ኬሚካል ስላለው ተገቢ ጭንብልና የመርጫ ክፍል በሌለበት ቦታ ሳንባ ይጎዳል፤ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ከዚህ አያድንም። በቤትዎ ለሚሠሩት የምመርጥልዎ ከአልትራቫዮሌት የሚከላከል፣ በአንድ ቆርቆሮ የሚመጣ የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ወይም ለጀልባ የሚሠራው፣ ከእንጨቱ ጋር የሚለጠጠው ዓይነት ነው። የዋልነት ቀዳዳዎች ክፍት ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅቦች ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት የሚደርሱ ስስ ቅቦች ያስፈልጋሉ፤ በየመካከሉም ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በባለ 400 ወረቀት በቀስታ ያሻሹት። ብዙዎች የሚዘነጉት ጀርባውን ነው። የሳንቃው ጀርባና የቀዳዳዎቹ ውስጥ ዙሪያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ካልተቀባ፣ እርጥበት በዚያ በኩል እየገባ ሳንቃውን ያጣምመዋል፤ አዲሱንም ቫርኒሽ እንደ አሮጌው ከቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጥቀዋል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ግን አያወፍሩት፤ መለኪያዎቹ አልገባ ይላሉ።

መስታወት የመሰለ ገጽ ከፈለጉ የመጨረሻው ቅብ ሦስትና አራት ሳምንት ከቆየ በኋላ በባለ 1000፣ በ1500 እና በ2000 የውኃ ወረቀት አለስልሰው በፖሊሽ ያውጡት። እኔ ግን ለዚህ ዘመን መኪና መለስተኛ ወዝ ያለውን እመርጣለሁ፤ በጠራራ ፀሐይ ሲነዱ የሚያብለጨልጭ ዳሽቦርድ ዓይን ይወጋል።

በመልሶ መግጠም ጊዜ የአርዝ ሽቦዎቹን አይርሱ። እንጨት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መለኪያዎቹ አርዝ የሚያገኙት በጥቁሮቹ ሽቦዎች ብቻ ነው። የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎቹ ወደ 10 ቮልት የሚያወርድ ማረጋጊያ አላቸው፤ የዚህች ትንሽ ሣጥን አካል ራሱ አርዝ ካላገኘ ሁለቱም መለኪያዎች ከእውነቱ በላይ ያነባሉ። መኪናው ደኅና እያለ «ሞተሩ ጋለ» ብለው ቴርሞስታት ከማስለወጥዎ በፊት እርሷን ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛዬ የትራያምፍ ስፒትፋየር ዳሽቦርድ አምጥቶ በወጥ የዋንዛ ሳንቃ እንድሠራለት ጠየቀኝ። አሮጌው ልባስ ግማሹ የለም፤ ፕላይዉዱም በውኃ ተላቅቋል። ዋንዛ ይሆናልን?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዋንዛ ይሆናል፤ ወጥ ሳንቃ ግን አይሆንም። ብዙ ትልልቅ ቀዳዳዎች የተበሱበት ወጥ እንጨት በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ጅማቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ደግሞም ውፍረቱ ከአሮጌው በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢበልጥ የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ጥርስ በፊት በኩል በቂ ሆኖ ስለማይወጣ ዳዶው አይይዝም። ስለዚህ አሮጌውን ሳንቃ በካሊበር ይለኩና ከልባሱ ጋር ተደምሮ ያንኑ ውፍረት የሚሰጥ ጥሩ ፕላይዉድ ይምረጡ። ዋንዛውን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሰንጥቀው ከለጠፉ በኋላ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያውርዱት፤ ጅማቱም ከፕላይዉዱ የላይኛው ንጣፍ ጅማት ጋር መስቀለኛ ይሁን። በጀርባውም ተመሳሳይ ልባስ ካልለጠፉበት ሳንቃው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ማጣበቂያው ለመጀመሪያው ጠያቂ በገለጽነው ምክንያት ኢፖክሲ ወይም ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ይሁን። ቀዳዳዎቹን አሮጌውን ሳንቃ እንደ ልክ ተጠቅመው፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከጀርባ ትርፍ እንጨት ደግፈው ይብሱ።

ዋንዛ በእርጅና እየጠቆረ የሚሄድ እንጨት ስለሆነ ዛሬ ከዋልነት ጋር እኩል እንዲሆን ብለው በቀለም አያጥቁሩት። ከተፈጥሮ ደን ዋንዛ መቁረጥ በሕግ የተገደበ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንጨት ጥቂት በመሆኑ ከተሰበረ አሮጌ ጠረጴዛ ወይም ቁምሣጥን ቢያወጡት ይበቃል፤ ለረጅም ዘመን የደረቀ በመሆኑም ከአዲሱ ይሻላል። አሮጌውን ሳንቃ ለደንበኛዎ መልሱለት፤ አንድ ቀን መኪናውን እንደ ቀድሞው ማድረግ የሚፈልግ ሰው ልኩን ከእርሱ ያገኛል።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ወር የመኪናዬን ዳሽቦርድ ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ አስረጨሁት። ሲረጭ ጥርት ያለ ነበር፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ነጭ ደመና ለበሰ። ረጪው «ቫርኒሹ የተበላሸ ነው» ይላል። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከእንጅባራ

መልስ፦ ቫርኒሹ ላይበላሽ ይችላል፤ ጥፋቱ የወሩ ነው። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ እንጅባራ በነሐሴ አየሩ እርጥበት የሞላው ስለሆነ ያ እርጥበት በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ወርዶ በቫርኒሹ ውስጥ ይታሰራል። ደስ የሚለው፣ መፋቅ አያስፈልገውም። ፀሐይ የወጣበትና አየሩ የደረቀበት ቀን ጠብቀው፣ ሳንቃውን ቤት ውስጥ ካሞቁ በኋላ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ ያስረጩበት፤ ሽፋኑ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ እርጥበቱን ይለቅና ደመናው ይጠፋል። ካልጠፋ እስከ ጥቅምት ይታገሡ። በጎጃም ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለቫርኒሽ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሳይገባ መጨረስ አለበት።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዴ ከታደሰ ገና ዓመት አልሞላውም። እንዳይበላሽ በየሳምንቱ የቤት ዕቃ ማወልወያ ስፕሬይ እረጭበታለሁ፤ ማታ ደግሞ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ትክክል ነኝ?
አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉ። ብዙዎቹ ስፕሬዮች ሲሊኮን አላቸው፤ ሲሊኮን ወደ ስንጥቆችና ወደ ቀዳዳዎች ይገባና ወደፊት እንደገና ቫርኒሽ ሲቀባበት ገጹ ትንንሽ ጉድጓዶች እያወጣ አልይዝ ይላል። ላስቲኩ ደግሞ የሌሊቱን እርጥበት አፍኖ እንጨቱ ላይ ያሳድረዋል። በትንሹ የረጠበ የጥጥ ጨርቅ አሳልፈው ወዲያውኑ በደረቅ ያድርቁት፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲሊኮን የሌለበት ሰም በስሱ ቢቀቡት ይበቃዋል። መሸፈን ከፈለጉ በቀን፣ መኪናው ፀሐይ ላይ በሚቆምበት ሰዓት፣ ነጣ ባለ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት። ጨርቁ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ጠርዝ ጭምር መድረስ አለበት፤ መጀመሪያ የሚነጣው እርሱ ነው።